የታጠበው ቤትና የታጠበበት ውኃ

በመርካቶና በዙሪያው ባሉት የአዲስ ከተማ ሰፈሮች የቆርቆሮው ሱቅ እየፈረሰ በመስተዋትና በሴራሚክ ያጌጠው ፎቅ በስፍራው ከተተካ ወዲህ፣ ቀድሞ በእመቤቲቱና በቤት ሠራተኛዪቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ወድቆ የኖረው የጽዳት ሥራ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ሱቁንና ቢሮውን፣ ከገበያው ጀርባ ያለውን መኖሪያ ቤት፣ ሶፋውንና ምንጣፉን እናጥባለን የሚሉ ድርጅቶችና የወጣቶች ማኅበራት በየጊዜው ይቋቋማሉ፤ ከእነርሱም መካከል «ለአካባቢ ተስማሚ ነን»፣ «ከኬሚካል ነፃ ነን» የሚል ቃል የሚጨምሩ አሉ። ቃሉ መልካም ነው፤ መልካምም በመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል። እኔ እንደማምነው፣ አንድ የጽዳት ድርጅት በእውነት ለሥነ ፍጥረት የሚራራ መሆኑ የሚታወቀው በጠርሙሱ ላይ በተሳለው አረንጓዴ ቅጠል፣ ወይም ሥራው ካለቀ በኋላ ቤቱን በሚያውደው መዓዛ ሳይሆን፣ ከቤቱ እድፉን ተሸክሞ የወጣው ውኃ ከደጃፉ ጀምሮ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ፣ ያንኑም ውኃ ጨምቆ ባፈሰሰው እጅ ላይ፣ በሚያደርሰው ወይም በማያደርሰው ጉዳት ነው።

የዚያን ውኃ መንገድ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። በመርካቶ አካባቢ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ፣ በተለይም በአንድ ግቢ በርካታ ቤተሰብ የሚኖርባቸው አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች፣ የእጥበታቸውን እጣቢ የሚያፈስሱት ወደ ግቢው ቦይ ወይም በመንገድ ዳር ወደ ተዘረጋው የዝናብ ውኃ መውረጃ ነው፤ የዝናብ መውረጃውም ማጣሪያ ስለማያገኘው የተቀበለውን ሁሉ እንደ ተቀበለው ይዞ ወደ ጅረት ይወርዳል። ከተማይቱን በምዕራብ በኩል የሚያቋርጠው ትንሹ አቃቂ ከታላቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛል፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ያልፋል። ሐይቁ በጣልያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ የተገደበ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን፣ ዛሬ የመላው ከተማ እድፍ ማረፊያ ሆኗል። በአቃቂ ዳርና ዳር ግን ውኃውን እየጠለፉ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ያም አትክልት ተመልሶ ወደ ከተማይቱ ገበያና ጉሊት ይመጣል። ስለዚህ በማለዳ በባልዲ ወደ ቦይ የተደፋው ነገር ጠፋ ተብሎ የሚረሳ ነገር አይደለም።

ይህን ማሰብ ለሕዝባችን እንግዳ ትምህርት እንዳልሆነ ለማየት ከገበያው መሐል መውጣት አያስፈልግም። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የታላቁ አንዋር መስጊድ በጉርብትና የቆሙት በመርካቶ ነው። በአንደኛው ደጅ ንጽሐ ሥጋና ንጽሐ ነፍስ አንዱ ያለ ሌላው ምሉእ እንደማይሆን ይሰበካል፤ በሁለተኛው ደጅ ደግሞ ለሶላት የሚታጠበው ምእመን፣ በሚፈስስ ወንዝ ዳር ቢቆም እንኳ ውኃን ያለ ልክ እንዳያባክን ይመከራል። ሁለቱም ወገኖች ንጽሕናን ከባልንጀራ ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ አድርገው ያዩታል እንጂ፣ እድፍን ከራስ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ማሻገርን ንጽሕና ብለው አያስተምሩም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ቤታቸውንና ልብሳቸውን ያጸዱባቸው ነገሮችም ከዚሁ ምድር የበቀሉ ነበሩ። የጠላው ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠብና በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ብረት ድስቱ በአመድና በአሸዋ ይፈተጋል፤ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ይታጠባል። ከእነዚህ ሁሉ እንዶድ ልዩ ታሪክ ያለው ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መናገር ለተነሣንበት ጉዳይ ይጠቅማል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ኢትዮጵያዊ የሳይንስ ሊቅ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመመርመር ወደ ዓድዋ በሄደ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በጅረቱ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ፤ ከማጠቢያው ከፍ ባለው በኩል ግን በሕይወት ነበሩ። ልብስ አጣቢዎቹ ለብዙ ዘመናት ያደረጉትን፣ መንገደኛውም ሁሉ ያየውን ነገር፣ እርሱ በአስተዋይ ዓይን አየውና ምክንያቱን ጠየቀ። በምርመራውም በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣውና በሊቃውንት ዘንድ ሳፖኒን የሚባለው ውሁድ፣ እድፉን የሚያስለቅቀውን ያህል ቀንድ አውጣውን የሚገድል መሆኑን አረጋገጠ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በዚሁ አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ከዚያም አልፎ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ገብቶ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ባለ ዛጎል ፍጥረት ለመከላከል በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዚሁ በእኛው እንዶድ ላይ ጥናት አድርገዋል።

ይህ ታሪክ የሚያኮራ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን፤ ዳሩ ግን ከኩራቱ ጋር የሚሄደውን ምክር ብዙ ሰው አያነሣውም። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል። በጎነቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም በውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይቆይ ፈርሶ የሚጠፋ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድን የጽዳት ዕቃ ስንመረምር «ከተፈጥሮ ነውን፣ ከፋብሪካ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም፤ ከምድር የበቀለው ሁሉ የዋህ፣ በፋብሪካ የተሠራውም ሁሉ መርዝ አይደለምና። የሚያራምደው ጥያቄ፣ ነገሩ ምን ያህል ቢሆን ይበቃል፣ ማንን ይጎዳል፣ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላስ ስንት ጊዜ ቆይቶ ይፈርሳል የሚለው ነው። «ከኬሚካል ነፃ ነን» የሚል ድርጅት ይህን ጥያቄ ቢጠየቅና መልስ ባይኖረው፣ ማስታወቂያውን እንጂ ሥራውን አላሰበበትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። የጽዳት ዕቃ በጅምላ ከሚሸጥባቸው የመርካቶ መደብሮች በአንዱ ፊት የቆመ ሰው፣ ስምና ደረጃ ካላቸው ሳሙናዎች ጎን ለጎን፣ ቀድሞ የምግብ ዘይት በነበረበት ቢጫ ጀሪካን የተሞላ ፈሳሽ ሳሙና፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ማለት ሁሉ ሰው «ሃይላንድ» በሚለው ዕቃ ውስጥ፣ የተቀዳ በረኪና ተደርድሮ ያያል። በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ የቀድሞው የውኃ ፋብሪካ ጽሑፍ ነው፤ ስለ በረኪናው ማን እንዳመረተው፣ መቼ እንደ ተመረተ፣ ብርታቱ ስንት እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ቃል የለበትም። ፀሐይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያርፍበታል። በረኪና ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው እየደከመ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ፣ ገዢው በሳምንቱ የሚወስደው ፈሳሽ ሽታው እንጂ ኃይሉ ያልቀረለት ሊሆን ይችላል፤ ደከመብኝ ብሎም ባልዲው ውስጥ እጥፍ ይጨምራል፤ ሌላ ጊዜ ትኩሱንና ብርቱውን ሲያገኝ በለመደው መጠን እያፈሰሰ ሳንባውንና የእጁን ቆዳ ይጎዳል። ጥሙን ሊቆርጥ «ሃይላንዱን» የሚያነሣ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ አደጋው ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ በሚሸጠው ዕቃ ላይ መግለጫ እንዲለጥፍ ያዝዛል፤ ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያንም ይከለክላል፤ ስለዚህ መግለጫ የሌለውን ዕቃ አልገዛም ማለት የሸማች መብት ነው። የጽዳት ድርጅት የሚቀጥር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ይሁን፦ የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ከነመያዣቸው አሳዩኝ። መያዣቸው ስም አልባ የሆነ ድርጅት፣ በሌላው ነገር ሁሉ ቢመሰገን እንኳ፣ በዚህ ወድቋል።

በረኪና በቤታችን ያለ ቦታው የተሾመ ነገር መሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። ኮሮና ወደ አገራችን በገባበት በ2012 ዓመተ ምሕረት እጁን፣ በሩን፣ ወለሉን፣ ገንዘቡን ሳይቀር በበረኪና ያላበሰ ቤት ጥቂት ነበር፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ሽታው ለብዙ ሰው የንጽሕና ማስረጃ ሆኖ ቀረ። በእውነቱ ግን በረኪና ተሐዋስያንን የሚገድል እንጂ እድፍ የሚያስለቅቅ አይደለም። አቧራና ቅባት ባለበት ወለል ላይ ሲፈስስ ኃይሉን በእድፉ ላይ ጨርሶ፣ ሊገድለው የታሰበውን ሳይገድለው ይቀራል፤ ከእድፉም ጋር ሲዋሐድ በውኃ ውስጥ ቶሎ የማይፈርሱ የክሎሪን ውሁዶችን ያስገኛል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ አጣቢ አስቀድሞ በሳሙናና በውኃ ያጥባል፤ በረኪናውን በልኩ በጥብጦ ለመጸዳጃ ቤትና ሕመምተኛ ላለበት ክፍል ብቻ ያኖረዋል። ሳሎንን በየማለዳው በበረኪና የሚያጥብ ድርጅት በሁለት በኩል ይከስራል፤ ቤቱ አይጠራለትም፣ ወንዙም ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ቅልቅሉ ነው። በስልክ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ምክር ሎሚና ኮምጣጤን የተፈጥሮ ማጽጃ እያለ ያወድሳቸዋል፤ ለብቻቸው ሲሆኑም ምስጋናው ይገባቸዋል፤ መስተዋት ያጠራሉ፣ የጀበናንና የማፍያን የውኃ ቅርፊት ያስለቅቃሉ። ነገር ግን አንዲት አጣቢ ኃይል ይጨምርልኛል ብላ ኮምጣጤን ወይም የሽንት ቤት አሲድን ከበረኪና ጋር በአንድ ባልዲ ብትቀላቅል፣ መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የክሎሪን ጋዝ ይነሣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር መሣሪያነት ሰው የተፈጀበት ነው። በረኪና ከአሞንያ ጋር ሲገናኝም ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ከድርጅቱ የሚላከውን ሠራተኛ «እነዚህን ሁለቱን ትቀላቅላላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከምስክር ወረቀት ሁሉ ፈጥኖ የሥልጠናውን ልክ ይገልጣል።

ስለ ሳሙናው አረፋም እንደዚሁ። ሕዝባችን አረፋ ያልበዛበትን ሳሙና ሳሙና ብሎ አያምንም፤ ነገር ግን አረፋ የማጽዳት ኃይል መለኪያ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩት ወንዞች በአዲሱ የፋብሪካ ሳሙና አረፋ ተሸፍነው ነበር፤ ምክንያቱም በሳሙናው ውስጥ የነበረው ውሁድ በአሠራሩ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለ ነበር፣ በውኃ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ተሐዋስያን ሊያፈርሱት አልቻሉም። የኋላ ኋላ ፋብሪካዎቹ በሕግም በሕዝብም ተገድደው፣ ፈጥኖ በሚፈርሰው ቅርንጫፍ በሌለው ዓይነት ለወጡት። ከዚያም የፎስፌት ነገር ተነሣ። ፎስፌት ለእጥበት የሚረዳውን ያህል ለውኃ አረም ማዳበሪያ ነው፤ በጣናና በአባ ሳሙኤል ላይ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋው እምቦጭ የሚፋፋው ከእርሻና ከከተማ የሚወርደውን እንዲህ ያለውን ምግብ እያገኘ ነው። ጀርመን በ1978፣ የስካንዲናቪያ አገሮች በ1989፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ለተፈጥሮ በመጠኑ ለሚራሩ ዕቃዎች ልዩ ምልክት ያበጁት ከዚህ ዓይነቱ መከራ በኋላ ነው። ምልክቶቹ የሚሰጡት በውስጡ ያለው ነገር በውኃ ውስጥ መፍረሱ ከተመረመረ በኋላ ስለ ሆነ፣ ከውጭ በመጣ ዕቃ ላይ ሲገኙ ሊታመኑ ይችላሉ። ምልክቱን ላልያዘው፣ ማለት በገበያችን ላለው ለአብዛኛው፣ ቀላሉ ጥንቃቄ መጠኑን መቀነስ ነው። ወለል ለመወልወል አንድ ባልዲ ውኃ ጥቂት ሳሙና ይበቃዋል፤ የበዛው ወለሉን አጣብቆ አዲስ አቧራ ይይዛል እንጂ አያጠራም፤ ለማስለቀቁም ሌላ ሁለት ባልዲ ውኃ ይፈልጋል፤ ያም በተራ በሚመጣበት ከተማ።

ደግ ድርጅት ዋጋ ከመናገሩ በፊት ወለሉ ከምን እንደ ተሠራ ይጠይቃል። ለሴራሚክ የሚስማማው ለእምነ በረድና ለሊሾ ጠንቅ ነው፤ ኮምጣጤና ሎሚ የሁለቱንም ገጽ ይበላሉና። በቀድሞዎቹ ቤቶች ያለው የጣውላ ወለል በላምባ በራሰ ጨርቅ ተፈትጎ ሰም የሚቀባበት ልማድ አለ፤ ጣውላውን ያሳምረዋል፣ ነገር ግን ክፍሉ በሚተንነው ጋዝ ይሞላል፣ ከሰል ምድጃ ባለበት ቤትም የእሳት ምክንያት ነው። ለጣውላ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅና ጥቂት ሰም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእኔ ዘንድ የሚከብደው ግን የአጣቢዎቹ ነገር ነው። ስለ ወንዙና ስለ ዓሣው ተጨንቀን፣ እጇን ያለ ጓንት በበረኪና ባልዲ ውስጥ ስለምትነክረው ሴት ሳናነሣ ብንቀር ርኅራኄያችን ጎዶሎ ነው። ቆዳዋ የሚሰነጠቀው፣ ዓይኗ የሚያለቅሰው፣ ደረቷ የሚያፍነው፣ ሥራውን በየቀኑ ስለምትሠራው ነው፤ የቤቱ ባለቤት ሽታውን በሳምንት አንድ ጊዜ ያገኘዋል፣ እርሷ ግን በቀን ሦስትና አራት ቤት። በሕጉም በኩል ልዩነት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ቤት ተቀጥሮ የሚያገለግለውን ሰው በተፈጻሚነቱ ወሰን ውስጥ አያስገባውም፤ ለትርፍ በተቋቋመ የጽዳት ድርጅት የተቀጠረችው ግን በአዋጁ ትጠበቃለች፤ አሠሪዋም የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጣትና ከሥራው ስለሚመጣው አደጋ እንዲያስረዳት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ድርጅት መቅጠር ከግል ሠራተኛ መቅጠር ይልቅ በመርሕ ደረጃ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል፤ ዋስትናው በተግባር መኖሩ የሚታየው ግን ሠራተኛዪቱ በራፉን ስታልፍ ጓንት በእጇ፣ ጫማ በእግሯ እንዳለ፣ ስትጠየቅም ውሏን የምታውቅ እንደ ሆነ ነው። ጓንት ያልገዛ ድርጅት ውድ የሆነውን የሚፈርስ ሳሙና ይገዛል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው።

መርካቶ በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሰፈር የሚበልጥበት ነገርም አለ። ቁራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበው ጀሪካን፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚገባው ወደ ምናለሽ ተራ ነው፤ በዚያም ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ተቀጥቅጦ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል። ሌላው ዓለም «ዕቃን መልሶ መጠቀም» ብሎ በጉባኤ የሚመክርበትን ነገር የምናለሽ ተራ ሰዎች እንጀራቸው አድርገው ኖረዋል፤ ክብርም ይገባቸዋል። የጽዳት ድርጅት አንድ ጊዜ የገዛውን ጠንካራ ጀሪካን ለዓመታት እየሞላ ቢጠቀምበት በየሳምንቱ የሚጣለው ፕላስቲክ ይቀንሳል፤ ግዴታው በእያንዳንዱ መያዣ ላይ ያለውን ነገር ስምና የበጠበጠበትን ቀን በማይለቅ ቀለም መጻፍ፣ የበረኪና መያዣ የነበረውንም ለምግብ ወይም ለመጠጥ ወደሚሆን ገበያ አለመመለስ ነው።

የዋጋው ጥያቄ ይቀራል። በሚፈርስ ሳሙና የሚሠራ፣ ሠራተኛውን የሚያሠለጥንና ጓንት የሚያለብስ ድርጅት፣ ስም የሌለው ፈሳሽ ከሚያፈስሰው ጥቂት ብር አስበልጦ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይህን ላይችል ይችላል። በመርካቶ ፎቆች ውስጥ ያሉት ባለ ሱቆች ግን ለጥበቃና ለጄኔሬተር ገንዘብ ማዋጣትን የለመዱ ናቸው፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩትም ዕድርና ዕቁብ አላቸው። ይህን ልማድ ለጽዳትም አውለው በአንድነት አንድ ድርጅት ቢቀጥሩ፣ ለየብቻ ሲለምኑ የማይሰማቸውን ነገር በውል ማስጻፍ ይችላሉ፦ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነስማቸውና ከነመጠናቸው በውሉ ላይ እንዲሰፍር፣ በረኪና ከመጸዳጃ ቤት ውጭ ሳይፈቀድ እንዳይፈስስ፣ የባልዲው ውኃ ወደ ዝናብ መውረጃ ሳይሆን ፍሳሽ መስመር ባለበት ወደ መስመሩ፣ መስመር በሌለበትም ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ እንዲደፋ፣ ለሠራተኞቹም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ በድርጅቱ ወጪ እንዲቀርብ፣ ይህን ያጓደለ ድርጅትም የወሩን ክፍያ ሙሉ እንዳይወስድ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን በየግቢው ባልዲ አጠገብ ሊቆም አይችልምና፣ ውሉን የሚያስከብረው ከፋዩ ራሱ ነው፤ ለዚህም ከመካከላቸው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ቀድሞ የሚከፍተውን አንድ ሰው መምረጥ ይበቃቸዋል።